ኪወርድ 15 ጊዜ አስገባ ተባልኩ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዌብሳይቶች ጽሑፍ እሠራለሁ። ደንበኛዬ «የውሃ ማጣሪያ አመራረጥ» የሚለውን ኪወርድ (ሰዎች ጎግል ላይ ጽፈው የሚፈልጉትን ሐረግ) በ600 ቃል ውስጥ 15 ጊዜ አስገባልኝ አለኝ። አስገብቼ ጮክ ብዬ ሳነበው ይጎረብጣል፣ አንዱ አንቀጽ ውስጥ ብቻ አራት ጊዜ አለ። ሳወጣው ደግሞ ጎግል ላይ ማንም አያገኘውም ብዬ እሰጋለሁ። እናንተ እንዴት ታስታርቁታላችሁ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩን እርሳው። ኪወርድ መጠቅጠቅን ጎግል ራሱ በመመሪያው ከስፓም ነው የሚቆጥረው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ፓንዳ የተባለውን የፍለጋ ውጤት አደራደር ለውጥ ሲያመጣም ፍሬ የሌላቸው ገጾች ወደ ታች ወርደዋል። ሐረጉን ርዕሱ ላይና መግቢያው ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ እንደምታወራው ጻፍ፣ «ማጣሪያው» ብትልም ጎግል ይገባዋል።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፣ ግን የኪወርድ ጥናቱን አትናቀው። እኔ ከመጻፌ በፊት ሰዎች ፍለጋው ላይ ምን ብለው እንደሚጠይቁ አያለሁ። «ማጣሪያው በስንት ጊዜ ይቀየራል?» የሚል ካገኘሁ እሱን ንዑስ ርዕስ አድርጌ መልሱን ወዲያው ከሥሩ አስቀምጣለሁ፣ ሦስት አንቀጽ ሳላዞር። አንባቢው የመጣበትን ያገኛል፣ ጎግልም ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ይረዳል። በአማርኛ ስትጽፍ ደግሞ «ውሃ»ም «ውኃ»ም ብሎ የሚፈልግ አለ፣ ሁለቱንም ሞክረህ እይ።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ! አሁን ከአራቱ ሦስቱን አወጣሁ፣ አንቀጹ ተነፈሰ። ነገ የፊተኛውንና አዲሱን ጽሑፍ ለደንበኛዬ ጎን ለጎን አሳየዋለሁ።