ቪዲዮን በሲዲኤን ለኢትዮጵያ ብቻ መክፈት፤ ደሴና ኮምቦልቻን ብቻ መለየትስ ይቻላል?

የጦሳ ግርጌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ያለ የአንድ ማሰልጠኛ ቪዲዮዎች ኤስ3 ባኬት (የአማዞን ፋይል ማከማቻ) ውስጥ ሆነው በክላውድፍሮንት (በአማዞን ሲዲኤን፣ ማለትም ፋይልን ለተመልካቹ ቅርብ ከሆነ ሰርቨር በሚያደርስ መረብ) ይሰራጫሉ። ፈቃዳቸው ለኢትዮጵያ ብቻ ነው። የመመዝገቢያው ገጽ ግን ውጭ ሆኖ ለልጁ የሚከፍል ወላጅ ስላለ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። አንዱ ኮርስ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉት ተማሪዎች ብቻ ነው። እስከ ከተማ ድረስ መገደብ ይቻላል?

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ፣ የአገሩ ቀላል ነው። ዲስትሪቢውሽኑን (ክላውድፍሮንት ላይ ያዘጋጀኸውን ማሰራጫ) ክፈትና ሴኪዩሪቲ በሚለው ውስጥ የጂኦግራፊ ገደቡን ኤዲት በል፤ አላው ሊስት (የሚፈቀድላቸው ዝርዝር) መርጠህ ኢትዮጵያን ብቻ ጨምር፣ ሴቭ አድርግ። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ 403 (መግባት ተከልክሏል የሚል የስህተት ኮድ) ይመለስለታል። ብሎክ ሊስት (የሚከለከሉ ዝርዝር) ከመረጥክ ግን የዓለምን አገር ሁሉ ስትለቅም ትውላለህ።

ችግሩ፣ ገደቡ የሚይዘው ዲስትሪቢውሽኑን በሙሉ ነው፤ ለአንድ ፎልደር ብቻ አይደረግም። ስለዚህ ቪዲዮውን በራሱ ንዑስ ዶሜን ሌላ ዲስትሪቢውሽን ላይ አውጣውና ገደቡን እዚያ ብቻ አድርግ። ዋናውን ገጽ አትንካው፤ ጉግልቦት (ገጾችን ለጉግል ፍለጋ የሚያነብ ፕሮግራም) በአብዛኛው ከአሜሪካ አይፒ ስለሚመጣ ከፍለጋ ትወጣለህ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ባኬቱን ነው። ለሕዝብ ክፍት ከሆነ የኤስ3ን ሊንክ ያገኘ ሰው ከየትም ያወርዳል፣ ገደቡ ጋ አይደርስም። ፐብሊክ አክሰስን ዝጋ፣ ኦሪጅን አክሰስ ኮንትሮል (ክላውድፍሮንት የተዘጋውን ባኬት እንዲያነብ የሚያስችል ቅንብር) ፍጠር፣ ባኬት ፖሊሲው ያንን ዲስትሪቢውሽን ብቻ ያስገባ።

ሐረጎ፦
ለከተማው አትድከም። ክላውድፍሮንት የተመልካቹን ከተማ የሚናገር ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚሄድ መረጃ) አለው፤ ግን የአይፒ ዳታቤዝ ግምት ነው። በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች ከኦፕሬተሩ ናት (ብዙ ስልኮችን በአንድ አይፒ የሚያወጣ ዘዴ) ጀርባ አንድ የሕዝብ አይፒ ይጋራሉ፤ ዳታቤዙም ያንን አይፒ አዲስ አበባ ሊያደርገው ይችላል። ደሴ ፒያሳ የተቀመጠውና የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባው ለሲዲኤኑ አንድ ናቸው።

ተማሪው ተመዝግቧል አይደል? በምዝገባው ለየው። ሎግኢን ሲያደርግ ሰርቨርህ ፊርማ ያለው ኩኪ (ብራውዘሩ ይዞ ለክላውድፍሮንት የሚያሳየው የይለፍ ፈቃድ) ይስጠው፣ ጊዜው ለምሳሌ በ4 ሰዓት ያብቃ። ፊርማ ያለው ሊንክ ለአንድ ፋይል ይመቻል፤ በኤችኤልኤስ (ቪዲዮን ቆራርጦ በሚልክ ዘዴ) ግን በየ6 ሴኮንዱ የተቆረጠ የ1 ሰዓት ቪዲዮ 600 ቁራጭ ስለሆነ ኩኪው ይሻላል። ኩኪውን ንዑስ ዶሜኖቹ በሚጋሩት ዋና ዶሜን ላይ አኑረው፣ ማጫወቻውም ኩኪ እንዲልክ አድርገው። ያኔ የCORS ሄደሩ (የትኛው ድረ ገጽ ፋይሉን እንዲያነብ እንደሚፈቀድለት የሚናገረው) ላይ ኮከብ (*) አይሠራም፤ የገጽህን አድራሻ በስሙ ጻፍ። የኩኪው ፖሊሲ ውስጥ የተማሪውን አይፒ ማሰርም ይቻላል፤ አታድርገው። በሞባይል ዳታ አይፒው መሃል ላይ ይቀየርና ቪዲዮው ይቋረጣል።

የጦሳ ግርጌ፦
ሁለቱንም አደረግኩ፣ አመሰግናለሁ። ግን እዚሁ ደሴ ሆነው 403 የሚያዩ ተማሪዎች አሉ።

ቦርከና፦
መጀመሪያ ቪፒኤን ጠይቃቸው። ስልኩ ላይ በርቶ የተረሳ ቪፒኤን ተማሪውን ጀርመን ያደርገዋል። ሁለተኛው ጥርጣሬ ኩኪው ነው፤ ጊዜው ሲያልፍም የሚመጣው ያው 403 ነው። የክላውድፍሮንቱን ሎግ (የጥያቄዎቹን መዝገብ) አብራና የዝርዝር ውጤቱን ዓምድ እይ፤ በአገር የተከለከለው ክላየንት ጂኦ ብሎክድ ተብሎ ይመዘገባል። ሌላ ነገር ከተጻፈ ፊርማውን፣ የጊዜውን ማብቂያና የቁልፍ መለያውን መርምር።

ለ403 የራስህን የስህተት ገጽ በአማርኛ አስገባ፦ «ቪፒኤን ካበሩ ያጥፉ፤ ካላበሩ እንደገና ሎግኢን ያድርጉ»። ሁለቱንም ይጻፍ፣ ገጹ የትኛው እንደሆነ አያውቅም።