ባሕር ዳር ላይ ኤንጀል ኢንቨስተር ከየት ይገኛል? ሥራችን ዓሣ ማቀዝቀዝና ማድረስ ነው

የጣና ዳሯ፦

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። የምታውቁ እህት ወንድሞች ትንሽ ጊዜ ሰጥታችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ፣ አንዱ ከዘንዘልማ ግቢ ነው የተመረቅነው። ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወርደን ከአስጋሪዎች ዓሣ እንገዛለን። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለበት። በበረዶ አሽገን ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች እናደርሳለን። ማታ በቴሌግራም ያዝዛሉ፣ ጠዋት ይረከባሉ። ግማሹ ሙሉውን ይፈልጋል፣ ግማሹ ፊሌቶ።

ሥራው ይዞልናል። የሚያስጨንቀን በረዶው ነው። በዚህ ሙቀት ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ያህል በረዶ ያስፈልጋል። እኛ በረዶውን የምናወጣው ከቤት ፍሪዘር ነው፤ መብራት ከሄደ አለቀ። ወጥ ቤት ስንደርስ ሼፉ መጀመሪያ የሚያደርገው ጉንጩን ገልጦ ስንጥቡን ማየት ነው። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። ቡናማ ከመሰለው ሥጋውን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ጎድጉዶ ከቀረ ይመልሰዋል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልቀበልም።

ስለዚህ በሶላር የሚሠራ የበረዶ ማሽንና ሣጥኑ በፎም የተለበጠ ባጃጅ መግዛት እንፈልጋለን። ሒሳቡ 1.8 ሚሊዮን ብር ይመጣል። ባንክ የቤት ካርታ አምጡ አለን፤ ቤት የለንም። ድርሻ ወስዶ ገንዘብ የሚያስገባ ሰው ከየት እናምጣ? ስናገኘውስ ወሬውን በምን እንጀምር? ስንት ፐርሰንት እንስጠው?

የፖሊ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

እህቴ፣ በርቱ። እዚህ «አዲስ አበባ ኤንጀልስ» የሚባል የባለሀብቶች ስብስብ አለ። አይስአዲስም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀማሪዎችን ሲያግዝ የቆየ ነው። ሪኒው የሚባለው ውጭ ያሉ ኤንጀሎችን ገንዘብ እዚህ አገር ያውላል። እነዚህ ሰዎች ፊት ስትቀርቢ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ከጣና ውጭስ ይሠራል?» ብለው ነው። ሐዋሳን፣ ዝዋይን፣ ጫሞን አስበሽ ሂጂ።

ባንኩን ግን ገና አትተዪው። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 አለ። በሱ መሠረት ማሽኑና ባጃጁ ራሳቸው ለብድር መያዣ መሆን ይችላሉ፤ ምዝገባው ብሔራዊ ባንክ ነው። ሁሉም ቅርንጫፍ አይወደውም፤ ቢሆንም አዋጁን ጠርተሽ ጠይቂ።

ነጋዴው (ሽንብጥ)፦

ልጄ፣ እኔ የእህል ነጋዴ ነኝ። ከንግዱ ጎን በሁለት የወጣቶች ሥራ ውስጥ ድርሻ አለኝ። ስለዚህ ከገንዘብ ሰጪው ወገን ሆኜ ልንገርሽ።

በእኛ ከተማ «ኤንጀል ኢንቨስተር ነኝ» ብሎ ቢዝነስ ካርድ ያሳተመ ሰው አታገኚም። ገንዘቡ ግን አለ። የሆቴል ባለቤቶች ጋ አለ፣ የጀልባ ባለቤቶች ጋ አለ፣ ከወረታ ሩዝ የሚያወጡት ጋ አለ፣ ከዚህ ተወልደው አዲስ አበባና ውጭ አገር የሚኖሩት ልጆቻችን ጋ አለ። ከነዚህ ውስጥ መጀመሪያ የምትሄጂው የሥራሽን ጣጣ በገዛ ኪሱ ወደሚያውቀው ነው። ዓሣ የተበላሸበት የሆቴል ባለቤት የበረዶን ጥቅም ካንቺ አይማርም። ከደንበኞቻችሁ መካከል ሒሳቡን በሰዓቱ የሚከፍለውን ለዩትና ከሱ ጀምሩ። አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ በሉ። «ገንዘብ ካስገባሁ ለኔ ብቻ አቅርቡ» ሊላችሁ ይችላል። እሺ እንዳትሉ፤ ሌሎቹ የሰሙ ቀን ይሸሿችኋል።

ጊዜም ምረጪ። አዝመራ ገብቶ እህል የሚገዛበት ሰሞን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የእኛ ገንዘብ ሁሉ መጋዘን ውስጥ ነው። ያኔ የጠየቅሽው ነጋዴ «እስቲ እናያለን» ይልሻል፤ አቅም አጥቶ እንጂ ጠልቶሽ አይደለም። ከውጭ የሚመጡት ደግሞ ጥር ላይ ለጥምቀት ይገባሉ። ሰርግም ስለሚበዛ ሰው በሰው መገናኘት ቀላል ነው። የምታገናኝሽ አክስትም ትሁን መምህር፣ አንቺን በሥራሽ የምታውቅ ትሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በስላይድ ያማረ ነገር ይዘው ብዙ ልጆች መጥተውብኛል። እኔ የማየው ደብተሩን ነው። ዛሬ ስንት ኪሎ ገዛችሁ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ የትኛው ሆቴል ስንት ቀን አቆያችሁ። ከሦስት ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ምን አደረጋችሁት? ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፤ ፋሲካ ሲውል ሥጋው ይመጣል፣ ያን ሰሞን ምን ያህል ወረዳችሁ? ይህን ቁጭ ብላ የምትመልስልኝ ልጅ ካለች ስላይዱ ባይኖርም ግድ የለኝም።

ሌላም እጠይቅሻለሁ። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል። ወንዝ አፉ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቀው አለ። እናንተ ከሱ ትገዛላችሁ? ከቀጭን የፕላስቲክ ክር በሚሠራው በሞኖፊላመንት መረብ የተያዘውንስ? እምቦጩ በአንድ በኩል ሐይቁን ይዞታል፣ በሌላው በኩል እኛው እንቁላል የያዘውን ዓሣ ከጨረስን፣ የበረዶ ማሽናችሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ ሣጥን ነው የሚያቀዘቅዘው። ጣና ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህን ሳልጠይቅ አምስት ሳንቲም አላወጣም፤ ሌላውም ባለገንዘብ እንዲጠይቅሽ እፈልጋለሁ።

በጻፍሽው ውስጥ ያላየሁትና ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። አስጋሪው ሐይቁ ዳር ላይ ጥሬ ብር ይፈልጋል። ሆቴሉ ደግሞ ወር ሲያልቅ ነው የሚከፍለው፤ አንዳንዱም ያልፋል። ማሽኑ ሲገባ ዓሣው ይበዛል። ዓሣው ሲበዛ ዱቤው ይበዛል። በሁለተኛው ወር ማሽን ገትራችሁ የዓሣ መግዣ ታጣላችሁ። 1.8 ሚሊዮኑን ስታሰሉ መዘዋወሪያ ገንዘብ አስገብታችሁበታል? ካላስገባችሁ ወይ አነስ ያለ ማሽን ግዙ፣ ወይ የምትጠይቁትን ከፍ አድርጉት። ሳይሟላ ጀምሮ በመሀል ተመልሶ መለመን ከሁሉ ይከፋል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ሰው ይደነግጣል።

ፐርሰንቱን በተመለከተ እንዲህ አስቢው። ለ1.8 ሚሊዮን 15 ፐርሰንት ከሰጠሽ፣ ገንዘቡ ሲገባ ድርጅቱ 12 ሚሊዮን ያወጣል እያልሽ ነው። ያለሱ ገንዘብ 10.2 ሚሊዮን ማለት ነው። ይህን ዓይኑን እያየሽ ማስረዳት ከቻልሽ በዪው። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያው ሰው ከአንድ አምስተኛ በላይ ባይወስድ እመርጣለሁ። ግማሹን የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ሊገዛችሁ ነው የመጣው። ነገ ሌላ ገንዘብ ሲያስፈልግ ለናንተ ምን ይተርፋል? ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሐይቁ ዳር የሚወርደው ሰው ድርሻው ከቀለለ ልቡም ይቀላል።

የሕግ ሰው፦

የጋሼ ምክር ላይ የወረቀቱን ልጨምር።

ሦስታችሁ እስካሁን በሽርክና ብቻ ከሆናችሁ፣ ማንንም ከማነጋገራችሁ በፊት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው፤ አባላቱም ከ50 አይበልጡም። ባለሀብቱ ገንዘብ ሰጥቶ ደረሰኝ ስለያዘ ብቻ ባለድርሻ አይሆንም። በቃለ ጉባኤ ተወስኖ፣ መመሥረቻ ጽሑፉ ተሻሽሎ፣ ንግድ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። በእናንተ በሦስታችሁ መካከልም ተፈራረሙ። አንዱ ነገ ውጭ አገር ቢሄድ ድርሻው ምን ይሆናል? ባለገንዘቡ ይህን መጠየቁ አይቀርም።

ከኢንተርኔት «ሴፍ» የሚባለውን ውል አውርዳችሁ እንዳትፈርሙ። ዋይ ኮምቢኔተር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለአሜሪካ ኩባንያዎች ነው፤ ለእኛ የግል ማኅበር ልክ አይመጣም።

ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ላይ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ሰው ጋር በሽርክና ሲሆን 150,000 ዶላር ይጠየቃል። አስር ሺህ ዶላር ይዞ የመጣ ፈረንጅ በቀጥታ ድርሻ መግዛት አይችልም ማለት ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል። ስለዚህ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለውን የባሕር ዳር ልጅ ፈልጉ። ደግሞ በቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ «አክሲዮን እየሸጥን ነው» ብላችሁ እንዳትለጥፉ። ለሕዝብ መሸጥ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል።

የጣና ዳሯ፦

እግዜር ይስጥልን። ጋሼ፣ የዱቤውን ነገር አላስገባንበትም ነበር፤ ዛሬ ማታ ሦስታችንም ቁጭ ብለን እናሰላዋለን። ወንዝ አፍ ላይ ከሚያጠምዱት አንገዛም፤ የምንገዛቸውን አስጋሪዎች በስም እናውቃቸዋለን።

ደንበኛችን ለሆኑ አንድ የሆቴል ባለቤት ይህን ልልክ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ድርጅታችን በዓሣ አቅርቦት ዘርፍ ከፍተኛ የዕድገት አቅም ያለው ሲሆን 1.8 ሚሊዮን ብር ኢንቨስትመንት እየፈለግን ነው። ፕሮፖዛላችንን ከዚህ በታች አያይዣለሁ።» እንዴት ነው?

ነጋዴው (ሽንብጥ)፦

ልጄ፣ በጽሑፍ ገንዘብ አትጠይቂ። ፕሮፖዛሉንም ለጊዜው ተዪው። እኚህ ሰው ዓሣሽን በልተውታል፤ ከዚያ ጀምሪ። እንዲህ በይ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓሣ የማቀርብልዎት ልጅ ነኝ። መብራት በጠፋ ቀን የተመለሰብንን ዓሣ ያውቁታል። እንዳይደገም በረዶ በራሳችን ልናመርት አስበናል፤ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። እርስዎ ከወጥ ቤት በኩል አይተው የጎደለውን ቢነግሩኝ። ጠዋት ዓሣ ሳደርስ ሃያ ደቂቃ ቢሰጡኝ።»

ስትገናኙ ደብተሩን ዘርግተሽ አሳዪ። እሳቸው «ይህ ሁሉ ስንት ይፈልጋል?» ብለው ሲጠይቁ ነው ቁጥሩን የምትናገሪው። አትቀንሺው፣ አትሽኮርመሚ። «እኔ አልችልም» ካሉሽ ቅር እንዳይልሽ፤ «ማን ዘንድ ብሄድ ይሻላል?» ብለሽ ስም ተቀብለሽ ውጪ። ቢገቡም ባይገቡም በየወሩ መጨረሻ ሦስት መስመር ላኪላቸው፤ ይህን ያህል ገዛን፣ ይህን ያህል ተመለሰ፣ ይህ ጎደለን። አንዱ ልጅ እኔን የያዘኝ እንዲህ ነው። ገንዘብ ሳልሰጠው ብዙ ወር ይጽፍልኝ ነበር፤ የከፋውን ወር እንኳ አልደበቀኝም።

ማታ ስታሰሉ የዱቤውን ገጽ ፎቶ አንሺና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አይቼ ለመዘዋወሪያ ስንት እንደሚበቃችሁ እነግርሻለሁ። የሆቴሎቹን ስም ሸፍኚው።