ለጥር ሐይቅ ላይ ቤት ልከራይ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ወገን። ጥር ላይ ሐይቅ ከተማ አንድ ሳምንት የምንቀመጥበት ቤት ፈልጌ ነበር። እህቴ ከነልጆቿ ከጅዳ ትመጣለች። ወንድሜም ከአዲስ አበባ ይመጣል። እናቴ አብራን ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትወጣም።

ሎጅ ያዙ እንዳትሉኝ፣ ምክንያት አለኝ። እናቴ ክርስቲያን ናት። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ሙስሊም ነበር። እኔና ወንድሜ በእናታችን ወጣን፣ እህቴ በአባቷ። ይሄን ለወሎ ሰው አላስረዳም። በዓል ሲመጣ እኛ ቤት ሁለት በግ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። እንዋደዳለን፣ ግን ሥጋ ሲቀርብ ትሪያችን ይለያያል። ዓሣ ሲሆን ማን አረደው የሚል የለም። ሁላችንም አንድ ትሪ እንቀርባለን። የእህቴ ልጆች ከአያታቸው እጅ ጠግበው እንዲጎርሱ እፈልጋለሁ። የራሳችን ማድቤት ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

ጥርን የመረጥኩት ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ብዙ ጾም የለበትም ብዬ ነው። እናቴ በጾም ዓሣ አትቀምስም።

አንድ ደላላ በቴሌግራም የግቢ ፎቶ ልኮልኝ፣ ግማሹን ቀብድ አስገቢ እያለኝ ነው። ልስጠው? ቤቱስ ከተማው ውስጥ ቢሆን ይሻላል ወይስ ውሃው ዳር? ዓሣውን ከየት ልግዛ?

የሐይቅ ተወላጅ

እህቴ፣ አብሽሪ። ቀብዱን ግን እንዳትሰጪ። ከደሴ ሐይቅ እኮ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ሚኒባስ ይዘሽ መጥተሽ፣ አይተሽ፣ ለምሳ ትመለሻለሽ። በፎቶ ምን ያከራይሻል? ባለቤቱን በአካል አግኚ፣ ውሉን በወረቀት ጻፉ፣ ከዚያ ክፈዪ።

ቤቱን ከተማው ውስጥ ያዢ። ከተማችን አውራ ጎዳናው ላይ ናት፤ ውሃው ዳር ለመድረስ ባጃጅ ትይዣለሽ። ዳሩ ላይ ማደር ደስ ይላል፣ ግን እናትሽን ማታ አንድ ነገር ቢያማቸው ፋርማሲው ከተማ ነው። ትንኙም እዚያ ይብሳል።

ግቢው ስትገቢ መጀመሪያ ቧንቧውን ክፈቺ። ቀጥለሽ ሮቶውን አንኳኪ፤ ባዶ ከሆነ ድምፁ ይነግርሻል። ውሃ በጠፋ ቀን ያን ሁሉ ሰው ያለ ሮቶ አትችዪውም፣ ዓሣ ማጠብ ደግሞ ብዙ ውሃ ይፈጃል። ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው ይሁን፤ ለጉልበታቸው።

ወንድምሽ ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ። ካልሆነም እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይምጣ።

ዓሣ ጠባሿ

የኔ ዓለም፣ ሐሳብሽ አንጀቴን በላው። እኔም ጎረቤቶቼን ሁሉ አንድ ላይ የማበላው በዓሣ ነው።

ጠዋት ጀልባ ሲገባ ከአስጋሪዎቹ ግዢ። ስንጥቡን ገልጠሽ እዪው። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ዛሬ የወጣ ነው፤ ወደ ቡናማ ከሄደ ተዪው። ዓይኑ የጠራና ጉብ ያለ ይሁን። ሥጋውን በጣትሽ ስትጫኚው ጎድጉዶ ከቀረ አትግዢ።

እናትሽ አምባዛ ይበላሉ? ቅርፊት የለውም ብለው የማይነኩት ብዙ ክርስቲያኖች አሉ። ዓሣው አንዴ ጉላሽ ከሆነ በኋላ ቆሮሶ ይሁን አምባዛ አትለዪውም። ስለዚህ የተፈለፈለ አትግዢ። ሙሉውን ቆሮሶ ከነቅርፊቱ መርጠሽ ፊትሽ ያጽዱልሽ።

ስትጠብሺ ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጊው። ጨውና ሎሚ እሺው፣ ውሃው ጠፈፍ ይበል። ዘይቱ በደንብ ሳይግል አትክተቺው፣ ይጣበቅብሻል። ደግሞ ቶሎ ቶሎ አታገላብጪው። ክንፉና ጅራቱ ደርቆ ኩርሽም ሲል አውጪው። አዋዜውን ለብቻ አቅርቢ፣ ልጆቹ እንዳይቃጠሉ። እሾሁንም አንቺ ልቀሚላቸው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እኛ ልጆች ሳለን ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የጨመሩት። ዛሬ ያለሱ ሐይቅን የሚያውቅ የለም።

ልጆቹን ጀልባ ላይ አውጪያቸው፣ ግን ዋና አትፍቀጂ። ጥልቀቱ መሀል ላይ 80 ሜትር ያልፋል።

እስጢፋኖስ ገዳምን ማየት አለባችሁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብሱ ጋር ተገናኝቷል። ሴት ግን አይገባም። እናትሽ ደጁ ደርሰው እንዳያዝኑ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ወንድምሽ ይግባና አይቶ ይንገራችሁ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ራሴ መጥቼ ቤቱን አያለሁ፣ ለደላላውም ነግሬዋለሁ። እናቴን ጠየቅኳት፤ አምባዛ አትበላም። ጋሼ፣ ስለ ገዳሙም ነገርኳት። «ከሩቅ እሳለማለሁ» አለች።

ድስትና መጥበሻ ከቤት ልይዝ ነው። በተከራየነው ቤት መጥበሻ ምን እንደተጠበሰበት አላውቅም፤ የራሳችን ሲሆን የእህቴም የእናቴም ልብ ያርፋል። ከጥር 8 ጀምሮ ብንይዘውስ? ጥምቀትንም እዚያው እናከብራለን።

ዓሣ ጠባሿ

አይ እታለም፣ ጥር 10 ገሃድ ነው እኮ፤ ይጾማል። በዚያ ላይ ለጥምቀት ሰው ይበዛል፣ ኪራዩም ይወደዳል። ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ያልፋል፤ ከ13 ጀምሮ ያዢው። ለረቡዕና ለዓርብ ሽሮሽን ይዘሽ ነይ። መጥበሻው ሰፊ ይሁን፤ ቆሮሶ ሙሉውን ካልተጋደመ ጅራቱ ሳይበስል ይቀራል።