የ«ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» ካሴቶች፦ ቲቪ ላይ ባለ ቀለም፣ ላፕቶፕ ላይ ጥቁርና ነጭ። ቅደም ተከተሉስ?

ሰብለ ዘፒያሳ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከአሜሪካ የመጡ 7 የቪዲዮ ካሴቶች አሉ፤ ሁሉም ላይ ከቲቪ የተቀዳ «ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» የተባለው የአሜሪካ የተማሪዎች አስቂኝ ድራማ ነው። ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ሲሰበሰብ በፕሮጀክተር ለማሳየት ወደ ላፕቶፕ እየገለበጥኩ ነው፤ ግን አልሄደም።

ዴኩ እዚሁ ፒያሳ የተገዛ ያገለገለ የፓል ዴክ ነው፣ ፊቱ ላይ «ኤንቲኤስሲ ፕሌይባክ» ይላል። ቲቪ ላይ ሲሰካ ቀለሙ ደህና ነው። ያንኑ ገመድ ወደ ዩኤስቢ መቅጃው ሳዞረው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። የመቅጃውን ሴቲንግ ወደ ፓል ስቀይረው ምስሉ እየተንከባለለ ይሮጣል። ሁለቱ ካሴቶች ድምፃቸው የታፈነ ነው፣ ምስሉም ላይ ነጭ መስመር ይረብሻል። አንዱ ደግሞ በመስኮቱ ሲታይ የክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት አለው፤ እሱን አላስገባሁትም።

ካሴቶቹ ቁጥር የላቸውም። አንዱ ላይ ሚስ ብሊስ የምትባል መምህርት አለች። ሌላው ላይ ኬሊና ጄሲ ጠፍተው ቶሪ የምትባል ጃኬት ለባሽ ልጅ ትመጣለች፤ እዚያው ካሴት መጨረሻ ሲመረቁ ግን ኬሊና ጄሲ ቁጭ ብለዋል፣ ቶሪ የለችም። የጎደለ ክፍል አለ ማለት ነው?

ካቻቢቴ

ሰብለ፣ ዴክሽም መቅጃሽም ደህና ናቸው። የማይግባቡት በቋንቋ ነው።

እኛ አገር የምንጠቀመው የቪዲዮ ስታንዳርድ ፓል ነው፦ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና 29.97 ፍሬም ነው። «ኤንቲኤስሲ ፕሌይባክ» የሚል የፓል ዴክ የሚተረጉመው ግማሹን ብቻ ነው። መስመሩንና ፍጥነቱን እንደ አሜሪካው ይተወዋል፣ ቀለሙን ብቻ ከ3.58 ሜጋኸርዝ ወደ 4.43 ያዞረዋል። ይህ ዲቃላ ፓል 60 ይባላል። ቲቪ ይቀበለዋል። ርካሽ መቅጃ ግን የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ኤንቲኤስሲ ብለሽ ስትመርጪ መስመሩን አግኝቶ ቀለሙን ያጣዋል፣ ፓል ስትይው የመስመር ቁጥሩ አልገጥም ብሎ ይንከባለላል። ያየሽው በትክክል ይህ ነው።

መጀመሪያ የዴኩን ጀርባና ሜኑ ፈትሺ። አንዳንዱ «ኤንቲኤስሲ 3.58» እና «ኤንቲኤስሲ 4.43» ወይም «ኤንቲኤስሲ ኦን ፓል ቲቪ» የሚል ማዞሪያ አለው። 3.58 ላይ አድርገሽ መቅጃውን ኤንቲኤስሲ ካልሽው ቀለሙ ይመጣል። ማዞሪያ ከሌለው የመቅጃው ፕሮግራም ውስጥ የቪዲዮ ስታንዳርድ ዝርዝር ክፈቺ፤ ወደ ታች ስትወርጂ «ፓል 60» ልታገኚ ትችያለሽ። ሁለቱም ካልሆኑ የአሜሪካ ዴክ ፈልጊ፣ ግን እሱ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። በቀጥታ 220 ላይ ከሰካሽው ፊውዙ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ይሄዳል። ዴክ ብዙ መብራት ስለማይበላ የ100 ዋት ማውረጃ ትራንስፎርመር ይበቃል።

የታፈነው ድምፅ ከቀረጻው ፍጥነት ነው። ካሴቱ «ቲ-120» ካለ በመደበኛው ፍጥነት 2 ሰዓት ይይዛል፣ በዝግተኛው ኢፒ 6 ሰዓት። ሰው ካሴት ለመቆጠብ ኢፒ ላይ ይቀዳ ነበር። ክሩ በሰከንድ 33 ሚሊሜትር መሮጡ ቀርቶ 11 ይሆናል፣ የምስሉ ዱካም ከ58 ማይክሮን ወደ 19 ይጠባል። ስለዚህ የቀዳው ዴክና የሚያጫውተው ዴክ ትንሽ ከተለያዩ ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) ከዱካው ይወጣል፤ ነጩ መስመር እሱ ነው። ትራኪንጉን (ሄዱን ከዱካው ጋር የሚያገጥመውን ማስተካከያ) ከአውቶማቲክ አውጥተሽ በእጅሽ አስተካክዪው፣ ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና። ምስሉ ግርጌ ላይ ያለችው ቀጭን የምትንቀጠቀጥ መስመር ግን በማንኛውም ካሴት ላይ አለች፤ ቲቪ ጠርዙን ስለሚሸፍን አትታይም እንጂ። እሷን ለማጥፋት አትድከሚ፣ በኋላ ትቆረጣለች።

ለድምፁ ሃይ ፋይ ዴክ ሞክሪ። ቀረጻው ሃይ ፋይ ከነበረ ድምፁ በሚሽከረከረው ሄድ ስለተጻፈ የክሩ መዝገም አይነካውም። ሃይ ፋዩ ከተንጫጫ «ኖርማል» ላይ መልሺው።

ከሁሉም በፊት ግን ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችው የመቅጃ መከላከያ ፕላስቲክ መሰበሯን እዪ። በፕላስተር ተሸፍና ከሆነ ፕላስተሩን ላጪው። አንድ ጊዜ በስህተት ሪከርድ ከተነካ የድራማውን ዋና ልጅ ዛክ ሞሪስን የሚመልሰው የለም።

ቤይሳይድ ተመራቂ

የጎደለ ክፍል የለም ሰብለ፣ ታሪኩ ራሱ እንደዚያ የተሰበረ ነው።

ሚስ ብሊስ ያለችባቸው 13 ክፍሎች በመጀመሪያ ሌላ ድራማ ነበሩ፦ «ጉድ ሞርኒንግ ሚስ ብሊስ»፣ በዲዝኒ ቻናል እ.ኤ.አ. በ1988 እና 1989 የታየ። መምህርቷ ሄይሊ ሚልስ ናት፣ ትምህርት ቤቱም ኢንዲያናፖሊስ ነው። ዲዝኒ ሲተወው የቲቪ ጣቢያው ኤንቢሲ ተማሪዎቹን ዛክን፣ ስክሪችንና ሊሳን፣ ርእሰ መምህሩንም ሚስተር ቤልዲንግን ይዞ ካሊፎርኒያ ቤይሳይድ የሚባል ትምህርት ቤት አስገባቸው፤ ኬሊ፣ ስሌተርና ጄሲ ተጨመሩ። ርእሰ መምህሩ ከነተማሪዎቹ ክፍለ ሀገር እንዴት እንደቀየረ ማንም አልጠየቀም፣ እናንተም አትጠይቁ። በኋላ በድጋሚ ስርጭት እነዚያን 13 ክፍሎች ዛክ መግቢያ እየነገረላቸው በ«ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» ስም ከተቷቸው። ስለዚህ ሚስ ብሊስ ያለችበት ካሴት ከቅዳሜ ጠዋቱ ስርጭት ሳይሆን ከድጋሚው የተቀዳ ነው። በድጋሚ ስርጭት ክፍሎች ለማስታወቂያ ሲባል ስለሚቆራረጡ፣ እዚያ ላይ ትዕይንት ድንገት ቢዘል ክሩ ተበልቶ ነው ብለሽ አትደንግጪ።

ዋናው ከነሐሴ 1989 እስከ ግንቦት 1993 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) 86 ክፍል ነው፤ በአራቱ ሲዝን በቅደም ተከተል 16፣ 18፣ 26፣ 26። ካሴቶቹን ለመደርደር ርእስ አያስፈልግሽም፣ ምልክት ብቻ ፈልጊ። ዘ ማክስ ምግብ ቤት ውስጥ ባለቤቱ ማክስ አስማት እየሠራ የሚያዝናና ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነው። ጄሲ ለፈተና ብላ የካፌይን ክኒን ስትውጥ ከሆነ ሁለተኛው፣ ኅዳር 1990። ያቺን ክፍል ስታሳዩ ወጣቶቹ መሳቃቸው አይቀርም፣ በካፌይን እንዲህ ይለቀሳል ወይ ብለው። በመጀመሪያ የታሰበው ጠንካራ አነቃቂ ዕፅ ነበር፤ ለቅዳሜ ጠዋት ከባድ ነው ተብሎ ወደ ካፌይን ወረደ፣ ልቅሶው ግን እንዳለ ቀረ። የባሕር ዳርቻ ክለብና ስቴሲ የምትባል ልጅ ካሉ ሦስተኛው ነው፣ 1991። እዚያ ላይ መጠንቀቅ ነው፦ የባሕር ዳርቻዎቹ ክፍሎች ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ተደባልቀው ስለተላለፉ አንድ ሳምንት የክረምት ዕረፍት ላይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ ይሆናሉ። ለእንግዳ ስታሳዪ ስድስቱን የባሕር ዳርቻ ክፍሎች አንድ ላይ ብታደርጊያቸው ይሻላል።

የቶሪ ነገር እንዲህ ነው። ለአራተኛው ሲዝን የምረቃውን ጨምሮ ክፍሎቹ ከተቀረጹ በኋላ ኤንቢሲ ተጨማሪ አዘዘ። ኬሊንና ጄሲን የሚጫወቱት ቲፋኒ አምበር ቲሰንና ኤልሳቤት በርክሌይ ኮንትራታቸውን አላደሱም፤ በእነሱ ቦታ ሊያና ክሪል ቶሪ ሆና 10 ክፍል ሠራች። ምረቃው ቀድሞ ስለተቀረጸ እሷ እዚያ ልትኖር አትችልም። ኬሊና ጄሲ የት እንደሄዱ፣ ቶሪም ለምን እንዳልተመረቀች አንድም ቃል አይነገርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የቶሪን 10 ክፍሎች ለብቻ ፎልደር አድርጊና ከምረቃው በፊት ወይ አሳዪ፣ ወይ ጭራሽ ዝለያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛክ «ታይም አውት» ሲል ሁሉም ደርቆ ይቆማል፤ እሱ ብቻ ካሜራውን እያየ ያወራል። ፖዝ የነካሽ መስሎሽ ሪሞት አትፈልጊ።

ፍሬም በፍሬም

ቅደም ተከተሉን ተዉትና ስለ አገለባበጡ ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

7ቱም ካሴት በኢፒ ከተቀዳ 42 ሰዓት ነው። በዲቪ ፎርማት ሰዓቱ 13 ጊጋባይት ስለሚይዝ ወደ 550 ጊጋባይት ይሆናል። ጥራት በማያጎድል ኮዴክ (የቪዲዮ መጭመቂያ) ከሆነ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ለኢፒ ካሴት ያን ያህል መድከም ትርፍ ያለው አይመስለኝም። የውጭ ሃርድ ዲስኩ ፎርማት ፋት 32 ከሆነ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲደርስ ቀረጻው ቀጥ ይላል፣ በዲቪ ይህ ከ20 ደቂቃ ትንሽ ያነሰ ነው። ቀድማችሁ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት፤ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

መጠኑ 720 በ480፣ ፍጥነቱ 29.97፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ። ስድስቱን ሰዓት ባንድ ትንፋሽ አትቅዱ። ክሩ በዘለለ ቁጥር መቅጃው ፍሬም ይጥላል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ቤልዲንግ አፉን ከዘጋ በኋላ ሲናገር ይሰማል። ክፍል በክፍል ቁረጡ። የድሮ ዲቪዲ መቅጃ ካለ በዴኩና በላፕቶፑ መሃል አስገቡት፤ ባይቀዳበትም ምልክቱ በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ይረጋጋል።

ይህ ድራማ በፊልም ሳይሆን በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ነው። በሰከንድ 60 ገደማ ግማሽ ምስል አለው። ሃንድብሬክ በሚባለው ቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ላይ ዲኢንተርሌስ ስታደርጉ (ግማሾቹን ምስሎች ሙሉ ስታደርጉ) «ቦብ» የሚለውን ምረጡ፣ ውጤቱ 59.94 ፍሬም ይሁን። በዝምታ ካለፋችሁት ወደ 29.97 ይወርድና ዘ ማክስ ውስጥ ሲጨፍሩ ይንገጫገጫል። ጭራሽ ዲኢንተርሌስ ካላደረጋችሁ ደግሞ ፕሮጀክተሩ ላይ እጃቸው ሲንቀሳቀስ ማበጠሪያ ይመስላል። የምስሉ ቅርጽ 4 በ3 ነው፤ ሰፊው ስክሪን ይሙላ ብላችሁ ስክሪችን አታወፍሩት።

ማስታወቂያዎቹን ከዋናው ቅጂ አትቁረጡ። ካሴቱ መቼ እንደተቀዳ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ግቢው ውስጥ ምጣድ ተጥዶ አትቅዱ። ቮልቴጁ ሲወርድ ዴኩ ይንገዳገዳል። መብራት ከጠፋም ካሴቱን ጎትታችሁ አታውጡ፤ ክሩ ሄዱ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። መብራት ሲመለስ አብዛኛው ዴክ ራሱ ያወጣዋል።

ሰብለ ዘፒያሳ

ማዞሪያው ከጀርባ ነበር! 3.58 ላይ ሲሆን ቀለሙ መጣ። ፕላስተሩም ተላጠ። የዱቄቱን ካሴት በአልኮል ጠርጌ ባስገባውስ? ደግሞ አንዱ ካሴት ላይ ስክሪች የቤልዲንግ ረዳት ሆኖ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ዛክና ስሌተር የሉም።

ካቻቢቴ

አታስገቢው። ሻጋታ ነው፤ ክረምት ላይ ሲሚንቶ ወለል ያለው ዕቃ ቤት የተቀመጠ ካሴት እንዲህ ይሆናል። አንዴ ዴኩ ውስጥ ከገባ ሄዱን ይደፍናል፣ ቀጥሎ የምታስገቢያቸውን ስድስቱንም ይበክላል።

ለብቻው በላስቲክ ከሲሊካ ጄል ጋር አሽጊና ሻጋታው እስኪደርቅ ተዪው፤ እርጥብ ሻጋታ ይለጠፋል፣ ደረቁ ይራገፋል። ከዚያ ደጅ ላይ፣ ማስክ አድርገሽ፣ ከሥር ያሉትን 5 ብሎኖች ፍቺ። ጠርዙን በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ። በድሮው ቪዲዮ ማከራያ ቤት የነበረችው የካሴት መጠቅለያ ማሽን ከተገኘች ክሩን በሁለት በኩል በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ በቀስታ ይዘሽ ከዳር እስከ ዳር አስኪጂው፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየቀየርሽ። በደረቁ ብቻ። ሽፋኑ ከቆሸሸ ከማይፈለግ ካሴት ሌላ አድርጊለት፣ ምን አለሽ ተራ ፈልጊ። ይህን ካሴት ከሁሉም መጨረሻ አጫውቺው።

የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውሃ አለበት፤ ለክሩም ለሄዱም አይሆንም። ሄድ የሚጠረገው ሶኬቱ ተነቅሎ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል ነው። የራሰውን ጨርቅ ሄዱ ጎን ላይ ሳትንቀሳቀሺ ያዢው፣ የሚሽከረከረውን ከላይ በጣትሽ አዙሪው። ወደ ላይና ወደ ታች ከጠረግሽ ጫፉ ይሰበራል፣ በጥጥ ከሆነ የጥጡ ቃጫ ይሰካበታል። ካሴት ከማስገባትሽ በፊት 15 ደቂቃ ይድረቅ።

ቤይሳይድ ተመራቂ

ስክሪች ረዳት ከሆነ ያ «ዘ ኒው ክላስ» ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2000 የሄደው ተከታይ። ከ86ቱ ውስጥ አይቆጠርም። ዲስኩ ከጠበበሽ መጀመሪያ የምትተዪው እሱን ነው።