ከምህንድስና ወደ አመራር ጥናት መሻገር ይቻላል?

ሲቪሏ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው። ሳይት ላይ ግን ከኮንክሪቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሰው ነው። ብረቱ በትክክል እንዳልታሰረ ፎርማኑም ሠራተኛውም ያያሉ፣ አለቃውን ስለሚፈሩ ዝም ይላሉ፣ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ማን ይናገራል? ይህን ነገር በደንብ ለማጥናት በአመራር ፒኤችዲ መማር ፈልጌያለሁ። ሰው ሁሉ «ከቢዝነስ ሳትመጪ ማን ይቀበልሻል» ይለኛል። እውነት ነው?

ዘገርጂ፦ ኧረ በፍጹም! ኤሚ ኤድመንድሰንን ፈልገሽ አንብቢ። ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል የአመራር ፕሮፌሰር ናት። እሷም መነሻዋ ምህንድስና ነው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ለአሜሪካዊው አርክቴክትና ፈልሳፊ ለበክሚንስተር ፉለር ዋና መሐንዲስ ሆና ሠርታለች። ፒኤችዲዋን የያዘችው በ1996 ነው።

ደግሞ ያጠናችው አንቺ ያልሽውን ነው። ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ጎበዝ ቡድኖች ጥቂት ይሳሳታሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። ዳታው ተገልብጦ መጣ። ጥሩ የሚባሉት ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዘገበባቸው! ሌላ ሰው ቢሆን ዳታው ተበላሽቷል ብሎ ይተወው ነበር። እሷ ግን ምናልባት እነዚህ ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው ብላ ጠረጠረች፣ መላምቷን የማያውቅ ሌላ ሰው ክፍሎቹን ሄዶ እንዲታዘብ አደረገች፣ እሱም በክፍሎቹ መካከል ትልቅ የግልጽነት ልዩነት አገኘ። ከዚያ በአንድ አምራች ኩባንያ 51 ቡድኖችን አጥንታ በ1999 ያሳተመችው ጽሑፍ ነው «ሳይኮሎጂካል ሴፍቲ»ን (ሰው በቡድኑ ውስጥ ሳይፈራ ስህተትና ሐሳቡን መናገር መቻሉን) እንዲህ ያስታወቀው።

መምህሩ፦ ዘገርጂ ልክ ነው፣ ትንሽ ልጨምር። ሐሳቡ ከእሷ በፊትም ነበር። ኤድጋር ሻይንና ዋረን ቤኒስ በ1965፣ ዊልያም ካን ደግሞ በ1990 ጽፈውበታል። የእሷ ትልቅ ሥራ ነገሩን የቡድን ጉዳይ አድርጋ መለካቷና ለዓመታት ሳትለቀው መከተሏ ነው።

እኛ ጋ የሚያናድደኝ ይሄ ነው እህቴ። ተማሪው «የአመራር ስልት በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የእንትን ባንክ ጉዳይ» ብሎ ርዕስ ይይዛል፣ የበርናርድ ባስን የአመራር ስልት መለኪያ መጠይቅ በሰው ኃይል ቢሮ በኩል ያስበትናል፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ከቶ ይጨርሳል። ሠራተኛው አለቃዬ ያየዋል ብሎ ሁሉንም «እስማማለሁ» እያለ ይሞላዋል። አንቺ የምታጠኚው ፍርሃትን ነው፣ መጠይቁን ራሱ የሚያበላሸው ደግሞ ያው ፍርሃት ነው።

ሲቪሏ፦ በጣም አመሰግናለሁ። መጠይቅ ጭራሽ ይቅር ማለትህ ነው?

መምህሩ፦ አይቅር፣ መጨረሻ ላይ ይምጣ። መጀመሪያ ሳይት ውለሽ ታዘቢ። ሠራተኛውን አለቃው በሌለበት፣ ምሳ ሰዓት ላይ አናግሪው። ለማመልከት ስትጽፊ ደግሞ ስለ አመራር ንድፈ ሐሳብ ታሪክ ገጽ አትጨርሺ፤ ያንን የብረቱን ነገር ከላይ አስቀምጪው። ውጭ አገር ካሰብሽ «ኦርጋናይዜሽናል ቢሄቪየር» (ሰው በድርጅት ውስጥ ያለውን ባህርይ የሚያጠናው ዘርፍ) በሚለው ፈልጊ፣ «ሊደርሺፕ» ብለሽ ብቻ ከፈለግሽ ብዙ ፕሮግራም ያመልጥሻል።