ካርታው ክስ ላይ እያለ ምርጫው ይገፋ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይኸው። የምርጫ ክልሎች ካርታ እንደ አዲስ ተሠመረ እንበል። አንዱ ወገን ከሰሰ። ምርጫው ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ቀኑን ይግፋ ወይስ በተከሰሰው ካርታ ይመረጥ? መነሻችን እዚሁ አሜሪካ የራሳችን ሜሪላንድ ናት። በ2022 ፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩ የሚለዩበት ምርጫ፣ ጁን 28 ነበር። የስቴቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በካርታው ክስ ምክንያት ወደ ጁላይ 19 ገፋው። ስድብ የለም፤ በሉ ቀጥሉ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እኔ መግፋቱን እቃወማለሁ። ያኔ የዕጩዎች መመዝገቢያ የመጨረሻ ቀን እንኳ ፌብሯሪ 22 ተባለ፣ ከዚያ ማርች 22፣ ከዚያ ኤፕሪል 15። ፍላየር ያሳተመ ድጋሚ ያሳትማል። ገንዘብ ላለው ዕጩ ሦስት ሳምንት ምኑም አይደለም። ትንፋሽ የሚያጥረው ከየቤቱ 20 ዶላር ለሚለቅመው ነው። ጁላይ ላይ ደግሞ ግማሹ ሐበሻ ልጆቹን ይዞ አገር ቤት ገብቷል።

ዳላስ፦ በፖስታ መምረጥ ይቻላል እኮ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አዲስ አበባ ሆነህ ፖስታውን በጊዜ አድርሰህ አሳየኛ! በዚያው ፕራይመሪ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ አስተዳዳሪነት ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፈው ድጋሚ ተቆጥሮ በ32 ድምፅ ነው። 32! አንድ የእድር ስብሰባ አይሞላም።

ሕግ አዋቂው፦ እህቴ፣ ለምን እንደተገፋም ንገሪን እንጂ። ዲሞክራቶች የሚመሩት ምክር ቤት የኮንግረስ ካርታውን ያጸደቀው የሪፐብሊካኑን ገዢ የላሪ ሆጋንን ቬቶ ሽሮ ነው። ማርች 25 ዳኛ ሊን ባታግሊያ ካርታው ለፓርቲ ጥቅም ከልክ በላይ ተጣሟል ብለው ጣሉት። እሳቸው ራሳቸው ቀድሞ በዲሞክራት ገዢ የተሾሙ ዳኛ ናቸው። ቀኑ የተገፋው ከዚህ ፍርድ 10 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ባይገፋ ኖሮ አዲስ ካርታ ለመሥራት ጊዜው አይበቃም ነበር። ሆጋን ኤፕሪል 4 በአዲሱ ላይ ፈረሙ፤ ነገሩ አለቀ።

አዛውንቱ፦ ልጆቼ፣ እኔ «ምርጫ ተራዘመ» ሲባል ሆዴ ይረበሻል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 2012 ሊሆን የነበረው የአገር ቤቱ ምርጫ በኮሮና ተራዝሞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው የተካሄደው። የምክር ቤቱም ዘመን አብሮ ተራዘመ። ዛሬ ሦስት ሳምንት ያለ ነገ ዓመት ቢልስ?

ሕግ አዋቂው፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን እዚህ የተገፋው ፓርቲዎች ዕጩ የሚለዩበት ፕራይመሪው ነው። የኖቬምበሩ ቀን በኮንግረስ ሕግ የታሰረ ነው። ወንበር ላይ ላለ ሰው አንድ ቀን አልተጨመረለትም።

ዳላስ፦ ወንበር ላይ ያለው ባይጠቀም ሌላ ሰው ይጠቀማል። ቴክሳስ በ2012 አዲስ 4 የኮንግረስ መቀመጫ አገኘች፤ ካርታው ክስ ገባ። ማርች 6 የነበረው ፕራይመሪ ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ሜይ 29 ላይ አረፈ። ያኔ ለሴኔት ብዙም የማይታወቅ ቴድ ክሩዝ የሚባል ሰው ይወዳደር ነበር። ተቀናቃኙ ምክትል ገዢው ዴቪድ ዱሁርስት ነበር፤ ስሙም ገንዘቡም ያለው። በመጀመሪያው ዙር ዱሁርስት መራ። ጁላይ 31 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ክሩዝ ዘረረው። ማርች ላይ ቢሆን ኖሮ ያሸንፍ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ካርታ ለማስተካከል የተሰጠ ቀን ሴናተር ወለደ፤ ሴናተር ደግሞ በመላው ስቴት ነው የሚመረጠው፤ ካርታ የለውም!

አትላንታ፦ ወንድሜ፣ አለመግፋት ምን እንደሚወልድ አላባማን ጠይቅ። ከሕዝቡ ከሩብ በላይ ጥቁር ነው፤ ከ7 መቀመጫ ግን ጥቁሮች የሚበዙበት አንድ ክልል ብቻ ነበር። ጃንዋሪ 24 ቀን 2022 ሦስት ዳኞች ካርታው ሕግ ሳይጥስ አይቀርም ብለው አገዱት። ፕራይመሪው ሜይ 24 ነው፤ ድፍን አራት ወር አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 እግዱን አነሳ። ዳኛ ካቫና ምርጫ ቀርቧል አሉ። በጁን 2023 ያው ፍርድ ቤት፣ አሁንም በ5 ለ4፣ ከሳሾቹ ልክ ናቸው አለ። በተከሰሰው ካርታ የተመረጡት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሥልጣን ላይ ቆዩ።

ሕግ አዋቂው፦ ይህ ከ2006 የአሪዞና ክስ የመጣው «ፐርሴል» የሚሉት መርህ ነው። ምርጫ ሲቃረብ የፌዴራል ዳኛ ሕጉን አይነካካ ይላል። «ሲቃረብ» ስንት ቀን እንደሆነ ግን ቁርጥ ያለ ነገር የለም። ሜሪላንድን ያልያዛት የገፋው የስቴቱ ፍርድ ቤት ስለሆነ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ስለ አላባማ መልስ የለኝም። እውነቴን ነው። ግን ካርታውን የሚያጣምመው ፖለቲከኛ፣ ድጋሚ የሚያሳትመው የኛ ሰው።

አትላንታ፦ እንግዲያው ፖለቲከኛው ይቸኩል። ካርታ ከምርጫው ዓመት በፊት ይለቅ፤ ዘግይቶ የለቀቀ «ምርጫ ደርሷል» ብሎ መከራከር አይፈቀድለት።

ዳላስ፦ ካርታው የሚሠራበት የሕዝብ ቆጠራ ራሱ ቢዘገይስ? በ2021 የዘገየው በኮሮና ነው እንጂ በተንኮል አይደለም።

አዛውንቱ፦ እሺ፣ ፕራይመሪው ይገፋ፤ ተስማምቻለሁ። አንቺ ልጅ ግን ለከርሞ ፍላየሩ ላይ ቀን አትጻፊ።