ከአሜሪካ የሚመጣ ኪቦርድ፦ ባለ 61 ቁልፍ ወይስ ባለ 88?

ማለዳ ጠየቀች

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ በሚቀጥለው ወር ከቨርጂኒያ ወደ አዲስ አበባ ትመጣለችና ኪቦርድ ላስመጣ ነው። በባለ 61 ቁልፉ ያማሃ ፒኤስአር ኢ473 እና በባለ 88ቱ ያማሃ ፒ-45 መካከል ልቤ ተከፍሏል። አንደኛ ፒያኖ በሥርዓቱ መማር እፈልጋለሁ፤ ሁለተኛ የአገራችንን ዜማ በትዝታ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ መጫወት። 8 ጊጋ ራም ያለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ አለኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ልምምዱ በሄድፎን ነው። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ጥቁርና ነጭ መለሰ

ማለዳ፣ መጀመሪያ ቁልፉን እዪ፤ ድምፁ በኋላ ይደርሳል። ድምፅ ነገ በላፕቶፕ ይቀየራል፤ ቁልፍ ግን አይቀየርም። የኢ473 ቁልፍ በስፕሪንግ የሚመለስ ቀላል ቁልፍ ነው። የምትመቺበትን ኃይል ይለያል፣ ግን ክብደት የለውም፤ በእሱ የለመደ ጣት እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ቶሎ ይደክማል፣ ለስለስ አድርጎ መምታትም ይቸግረዋል። ፒ-45 ቁልፉ መዶሻ አለው፤ በወፍራሙ ድምፅ በኩል ከበድ፣ በቀጭኑ በኩል ቀለል ይላል። በአንድ ጊዜ 64 ድምፅ ያወጣል፤ ለተማሪ ከበቂ በላይ ነው።

የፒ-45 ጉድለት ለሁለተኛው ፍላጎትሽ ነው፦ ስታይል (ኪቦርዱ ራሱ የሚያጅብሽ ምት) የለውም፣ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የምትስቢበት ፒች ቤንድ ዊልም የለውም። የማሲንቆና የዋሽንት ዜማ ያለ ፒች ቤንድ ደረቅ ይሆናል። ኢ473 ሁለቱም አሉት። እኔ ብሆን ፒ-45 ወስጄ፣ ከጎኑ ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ (የላፕቶፑን ድምፅ የሚያዝ) እጨምርበታለሁ። ለምሳሌ አካይ ኤምፒኬ ሚኒ ከ1 ኪሎ በታች ነው፤ በጆይስቲኩ የላፕቶፑን ድምፅ ትስቢያለሽ። በ2023 የወጣው ፒ-145 የፒ-45 ተተኪ ነው፤ እህትሽ አዲስ ከሆነ የምትገዛው እሱን ታገኝ ይሆናል።

ሶኬት መለሰ

ከምርጫው በፊት ጉዞው ይታሰብ። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎና ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ፒ-45 ክብደቱ 11.5 ኪሎ ብቻ ቢሆንም መጠኑ 132.6፣ 29.5 እና 15.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያለ ካርቶኑ እንኳ 177 አልፏል። ትርፍ መጠን ያስከፍላል ማለት ነው፤ እህትሽ ትኬት የቆረጠችበትን አየር መንገድ አስቀድማ ትጠይቅ። ኢ473 አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ ይሻላል፣ ግን እሱም ከነካርቶኑ ይለካ።

ሌላው አዳፕተሩ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። የኛ ቤት 220 ነው፤ ቀጥታ ከሰካሽው ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ኢንፑት የሚለውን አንብቢ፦ 100-240 ካለ ይሰካል፣ 120 ብቻ ካለ አይሰካ። መፍትሔው ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው፣ ወይም እዚሁ ሌላ አዳፕተር መግዛት። ስትገዢ የአውትፑቱ ቮልት እኩል ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፣ የፕላስና የማይነስ ሥዕሉም አንድ ዓይነት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ኢ473 በደረቅ ባትሪ ይሠራል፤ ፒ-45 የባትሪ ቦታ የለውም።

ላፕቶፕ ፒያኖ መለሰ

ሶፍትዌሩን በነፃ ጀምሪ። ሳላማንደር ግራንድ ፒያኖ የተባለው የድምፅ ስብስብ ያማሃ ሲ5 ከተባለ ፒያኖ የተቀዳ ነው፤ እያንዳንዱ የተቀዳ ኖታ 16 የምት ኃይል ደረጃ አለው። የሚከፈተው ስፎርዛንዶ በተባለ ፕሮግራም ነው፤ እሱም ነፃ ነው። ፒያኖቴክ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ቅጂ ሳይሆን ድምፁን በስሌት ስለሚፈጥር በጣም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። የነፃ ሙከራ ስሪቱ በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ይሠራል፣ ጥቂት ቁልፎችም ድምፅ አይሰጡም፤ ለመምረጥ ግን ይበቃል።

ማገናኛው የፕሪንተር ዩኤስቢ ገመድ ነው። ፒ-45 በዚህ ገመድ የሚልከው ሚዲ (የትኛው ቁልፍ እንደተመታ የሚናገር መልእክት) እንጂ ድምፅ አይደለም፤ ስለዚህ ሄድፎኑ ላፕቶፑ ላይ ይሰካ፣ የፒያኖው ቮሊዩም ዜሮ ይሁን፤ ካልሆነ ሁለት ፒያኖ ተደራርቦ ትሰሚያለሽ።

ቁልፉን መተሽ ድምፁ ከዘገየ ኪቦርዱን አትቀይሪ። አሲዮ4ኦል የተባለውን ነፃ ድራይቨር ጫኚና በፈር ሳይዙን (ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 256 አድርጊ፤ ከዚህ የሚመጣው መዘግየት በ44,100 ኸርዝ 5.8 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ከሠራ ወደ 128 አውርጂ፤ መንጫጫት ከጀመረ ወደ 256 መልሺ። ድምፅ ጭራሽ ከጠፋ ብራውዘሩን ዝጊ፤ ዩቲዩብ ድምፅ ካርዱን ይዞት ሊሆን ይችላል። ብሉቱዝ ሄድፎን ግን በምንም ማስተካከያ አይሆንም፤ መዘግየቱ ከራሱ ነው፣ ባለ ገመድ ያዢ።

ማለዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ አምባሰልን በስታይል የሚጫወቱ ሰዎች አጃቢው ሲጋጭባቸው እሰማለሁ። የኪቦርዱ ችግር ነው?

ክራረኛ መለሰ

አይደለም፣ የግራ እጅ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ነው። ከዶ ተነስተን አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። በግራሽ ዶ ሜጀር ስትይዢ አጃቢው ሚ ይጨምራል፤ ከፋ በግማሽ ድምፅ ስለሚያንስ ይፋጫል። ማይነር ብታደርጊውም ሚ ፍላት ቅኝቱ ውስጥ የለም። ዶና ሶልን ብቻ ያዢ፤ ያማሃ ይህን እንደ ኮርድ ስለሚያውቀው ባሱም አጃቢውም በሁለቱ ኖታ ብቻ ይሄዳሉ። ስማርት ኮርድ ከበራ አጥፊው፤ አለዚያ የራሱን ኮርድ ይሞላል።

አንቺ ሆዬ ላይ ይህም አይሠራም። ኖታዎቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው፤ ሶል የለም። አጃቢውን አጥፍተሽ ከስታይሉ ከበሮውን ብቻ አስቀሪ፣ በግራሽ ዶን ብቻ ያዢ።

ድምጹን እንደ ማሲንቆ በሴንት (የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ) ማስተካከል ከፈለግሽ ኮርግ ፒኤ እና ያማሃ ፒኤስአር ኤስኤክስ ኪቦርዶች ማስተካከያው ራሳቸው ላይ አላቸው። በላፕቶፕ ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም በነፃ ይሠራል፤ ክራር ለሚመስል ድምፅም ስትሪንግ የሚለው ኦሲሌተር (ድምፅ ፈጣሪ ክፍል) አለው። የቅኝት ፋይሉን በኖትፓድ ትጽፊዋለሽ፦ አንደኛው መስመር መግለጫ፣ ሁለተኛው 12 የሚል ቁጥር፣ ከዚያ 12 መስመር የሴንት ቁጥር፣ የመጨረሻው 1200.0። ነጥቧን እንዳትረሺ፤ 100.0 ማለት 100 ሴንት ነው፣ ያለ ነጥብ 100 ብለሽ ከጻፍሽ ግን መቶ እጥፍ ፍሪኩዌንሲ ብሎ ያነበዋል፣ ቅኝቱም ይበላሻል።